ከበሩ የሚገባውና ከበሩ የሚወጣው፦ ስለ ሲየናው የግድግዳ ሥዕል

መንግሥት አዝዞት፣ መንግሥት ከፍሎበት፣ በመንግሥት ግድግዳ ላይ በተሣለ ሥዕል ውስጥ እውነት ሊገኝ ይችላልን? ጥያቄው በየዘመኑ የኪነ ጥበብ ሰዎችን ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩን በደፈናው ከመቀጠል ይልቅ በአንድ የታወቀ ሥራ ላይ መመርመሩ ይበጃል። ሥራው የሚገኘው በኢጣልያ፣ በቶስካና፣ በሦስት ኮረብቶች ላይ በተቆረቆረችው በሲየና ከተማ ነው። እርሱም የከተማዪቱ ሠዓሊ አምብሮጂዮ ሎሬንዜቲ በ1338 እና በ1339 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) በእርጥብ ልስን ላይ የሣለው የመልካምና የክፉ አስተዳደር ሥዕል ነው።

ሥዕሉን ያዘዙት «ዘጠኙ» ይባሉ የነበሩት ገዥዎች ናቸው። ከ1287 እስከ 1355 ሲየናን ያስተዳደረው ይህ ሸንጎ በአብዛኛው የተውጣጣው ከሀብታም ነጋዴዎችና ከገንዘብ አበዳሪዎች ነበር፤ የታላላቅ መሳፍንት ቤተሰቦች ወንበሩን እንዳይዙ በሕግ ታግደዋል። ዘጠኙ በ1297 ሥራው የተጀመረውን ፓላዞ ፑብሊኮ የተባለውን የአስተዳደር ሕንፃ አሠሩ፤ በፊቱ እንደ ዛጎል ያዘቀዘቀውን የካምፖን አደባባይም በጡብ አስነጥፈው፣ በቁጥራቸው ልክ ዘጠኝ ቦታ አስከፈሉት። ሥዕሉ ያለው እነርሱ ይመክሩበት በነበረው አዳራሽ ውስጥ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ራሳቸው ገዥዎቹ ነበሩ ማለት ነው።

በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ፍትሕ ሚዛን ይዛ ተቀምጣለች። ከሚዛኑ የወረደውን ገመድ ስምምነት ትቀበልና ለ24 ዜጎች ታስተላልፈዋለች፤ እነርሱም ከተማዪቱን ወደሚወክለው ሽማግሌ ያደርሱታል። በእኛ አስተያየት ከሦስቱ ግድግዳዎች ደካማው ይህ ነው። ስማቸው በአጠገባቸው ባይጻፍ ኖሮ ከእነዚህ የተከበሩ ወይዛዝርት አንዷን ከሌላዋ መለየት ባስቸገረ ነበር። አንድ ነገር ግን ያለ ጽሑፍ ይናገራል፤ ስምምነት በጭኗ ላይ ያኖረችው የአናጢ መላጊያ ነው። ጎርባጣውን ማስተካከል፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ማድረግ የእርሷ ሥራ መሆኑን ከመላጊያው ይበልጥ የሚያስረዳ ንግግር የለም።

የሥራው ታላቅነት የሚገለጠው በምሥራቁ ግድግዳ ነው። በግራ በኩል ከተማዪቱ አለች፤ ጫማ ሠሪው ይሠራል፣ መምህሩ ያስተምራል፣ ግንበኞች ጣራ ላይ ወጥተው ይገነባሉ፣ በአደባባዩም ይዘፈናል። በቀኝ በኩል ደግሞ ገጠሩ እስከ አድማስ ተዘርግቷል፤ ይዘራል፣ ይታጨዳል፣ በአውድማም በበትር ይወቃል። በመካከላቸው የከተማዪቱ ቅጥርና በር ይታያል። ከበሩ ጭልፊት ይዘው ለአደን የሚወጡት አምሮባቸው በፈረስ የተቀመጡ ናቸው፤ ወደ በሩ የሚመጡት ደግሞ ጭነት የሚነዱ ገበሬዎች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ወገቡ ላይ ነጭ መቀነት ያለበትን ጥቁር አሳማ ይነዳል። ሠዓሊው አስተያየት አልሰጠም፤ ማን እንደሚመግብ፣ ማንስ እንደሚመገብ ግን መንገዱ ራሱ ይመሰክራል። ወንዝ የሌላት ሲየና ውኃዋን እንኳ የምታገኘው ከምድር በታች ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሚዘረጉ ቦዮች ነበር።

ከበሩ በላይ ጸጥታ በክንፏ ትበራለች። በአንድ እጇ ሰው ሁሉ ሳይፈራ እንዲጓዝና እንዲያርስ የሚያውጅ ጽሑፍ፣ በሌላው እጇ የተሰቀለ ሰው ያለበት መስቀያ ይዛለች። ለገዥ ማደር ብቻ የሚሻ ሠዓሊ ጽሑፉን አስቀርቶ መስቀያውን በደበቀ ነበር። ሎሬንዜቲ ግን ሰላሙንም የሰላሙንም ዋጋ ጎን ለጎን አሳየ።

ይሁን እንጂ ያላሳየው ነገር አለ። እህሉ ሲወቃ እናያለን፤ ሲካፈል ግን አናይም። በቶስካና ገጠር ሥር የሰደደው የእርሻ ሥርዓት ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር እኩል መካፈል ነበር። «የእኩል አራሽ» የሚለው ቃል ምን እንደሚያዝል ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት አያሻም። በኢጣልያ አዲስ የእኩል ውል የታገደው በ1964 ሲሆን፣ የቀሩት ውሎች ወደ ኪራይ እንዲለወጡ ሕግ የወጣው በ1982 ነው። ዛሬ ጎብኚ የሚያደንቀው የሲየና ዙሪያ ገጠር፣ በ2004 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኦርቻ ሸለቆ ጭምር፣ የእነዚያ አራሾች የእጅ ሥራ ነው። ውበቱን አይቶ ድካሙን መርሳት ሥዕሉ ያለበትን ጉድለት መድገም ይሆናል።

በምዕራቡ ግድግዳ ቀንዳሙ ጨቋኝ ዙፋን ላይ ተቀምጧል፤ ፍትሕ ታስራ ከእግሩ ሥር ወድቃለች። ግድግዳው በእጅጉ ተጎድቷል። በዚያች ከተማ ሥራ ያልፈታው ባለ እጅ የጦር መሣሪያ የሚቀጠቅጠው አንጥረኛ ብቻ ነው። ይህ አንድ ምስል ብዙ ስብከት ይተካል።

በ1348 ወረርሽኝ ገባ፤ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያም በላይ እንደ ቀጠፈ ይገመታል፤ ሎሬንዜቲም በዚሁ እንደ ሞተ ይታመናል። በ1339 ማስፋፋት የተጀመረው ካቴድራል ተቋርጦ ቀረ፤ ያልተፈጸመው ግድግዳው እስከ ዛሬ ቆሟል። በ1355 ዘጠኙም ከሥልጣን ወረዱ። ሥዕሉ ያሞገሳቸውን ገዥዎች ሊያድን አልቻለም።

የታዘዘ የኪነ ጥበብ ሰው ሊመዘን የሚገባው በመታዘዙ ሳይሆን በትእዛዙ ውስጥ ዓይኑን ገልጦ ባየው መጠን ነው። ሎሬንዜቲ የገዥዎቹን ምኞት በሰሜኑ ግድግዳ፣ የሠራተኛውን ሕይወት በምሥራቁ ሣለ፤ ዛሬ ተመልካቹን ይዞ የሚያቆመውም ሁለተኛው ነው። ለሕዝብ የሚጽፍም ሆነ የሚሥል ሁሉ በገጸ ባሕርያቱ ላይ የመልካም ነገር ስም ከመለጠፉ በፊት ገበሬው በየትኛው መንገድ፣ ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ፣ ሲመለስም ምን እንደሚቀረው ይጠይቅ።