ጠብታዋ በየት ትውጣ

ኩርሙክ ላይ የኤሲ ገጣሚ ሙያ በመጋቢት አይለይም። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐዩ ሲከር ማንም እንደነገሩ የሰቀለው ማሽን ቤቱን ያቀዘቅዛል፤ ባለቤቱም ያመሰግናል። ሙያው የሚለየው ሐምሌ ሲገባ ነው። ዝናቡ መሬቱን አጥግቦ አየሩ ራሱ ውሃ ተሸክሞ ሲመጣ፣ እስከ ትናንት ደህና ሲሠራ የከረመው ማሽን ቀዝቃዛ አየር ከሚተፋበት አፉ ላይ ውሃ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ከሥሩ ሳፋ ይቀመጣል፣ ፍራሹ ይነሳል፣ ልስኑ ያብጣል። ከ1,500 ሜትር ከፍታ በላይ ያለችው አሶሳ እንዲህ ያለ ጣጣ ብዙም አያስጨንቃትም። ከእሷ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሱዳን ድንበር ወርዳ የምትገኘው ኩርሙክ ግን ቆላ ናት፤ እዚህ ኤሲ ያለው ሰው በክረምትም ቢሆን አጥፍቶት አያድርም።

ሁለቱ ወራት ለምን እንዲህ እንደሚለያዩ ቁጥሩ ይናገራል። ሙቀቱ 38 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 20 በመቶ በሆነ የበጋ ቀን አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚይዘው ውሃ 9 ግራም ገደማ ነው። ያ ውሃ ጠብታ የሚሆነው አየሩ እስከ 11 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ቢሠራም ቱቦው እምብዛም አይርስም። ሙቀቱ 28፣ እርጥበቱ 80 በመቶ በሆነ የክረምት ምሽት ግን ያው ሜትር ኩብ 22 ግራም ያህል ይይዛል፤ 24 ዲግሪ ላይ ሲደርስም ማላብ ይጀምራል። መካከለኛ የቤት ኤሲ በእንዲህ ያለ አየር በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ያወጣል። ሲሠራ ካደረ ባልዲ ይሞላል።

ይህን ውሃ ብልሽት አድርጎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። መሐንዲሱ ዊሊስ ካሪየር ግን እ.ኤ.አ. በ1902 ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት የዘመናዊውን ኤሲ አባት ሲነድፍ የተጠየቀው ሠራተኞቹን እንዲያቀዘቅዝ አልነበረም። ወረቀቱ እርጥበት እየጠጣ ሲለጠጥና ሲኮማተር ቀለሞቹ አልገጥም ብለው ስላስቸገሩ፣ ከአየሩ ላይ ውሃውን እንዲያነሳላቸው ነበር። ስለዚህ ማሽኑ ውሃ በማውጣቱ የተፈጠረለትን ሥራ ሠራ እንጂ አልተበላሸም። ቀሪው ጥያቄ ውሃው በየት ይውጣ የሚለው ሲሆን፣ እሱን የሚመልሰው ፋብሪካው ሳይሆን መሰላል ላይ የቆመው ሰው ነው።

እዚሁ ኩርሙክ አንድ ቤት ሲገጥም ቆሜ ያየሁት ባለሙያ ማሽኑን ከካርቶኑ ሳያወጣ ረጅም ጊዜ ያጠፋው በአንዲት ቀዳዳ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀጭን ድሪል ከውስጥ ወደ ውጭ አሳልፎ ምልክት አደረገ። ቀጥሎ ወጥቶ ትልቁን ቀዳዳ ከውጭ በኩል ከፈተው፤ ከውስጥ ብቻ ቢገፋው የውጪው ልስን እንደ ሰሃን ተሰንጥሮ ይወድቅ ነበር። ቀዳዳው ወደ ውጭ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲያዘቀዝቅ አደረገና በልኩ የቆረጠውን የፒቪሲ ቱቦ ከተተበት። አንድ ሴንቲ ሜትር ከሩቅ አትታይም። ወደ ውስጥ ብታዘቀዝቅ ኖሮ ግን በሐምሌ ግድግዳው ላይ ተጽፋ ትነበብ ነበር።

ማንጠልጠያውን ብረት በውሃ ልክ አሰረው። ውሃ ይፈስ ዘንድ ማሽኑን ራሱን ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብሉ ገጣሚዎች አሉ፤ የዋህ ብልጠት ነው። የውስጡ ገንዳ ተዳፋቱን ከፋብሪካው ይዞ ይመጣል፤ ከላይ የሚጨመርበት ዘንበል ማለት ውሃውን ከመውጫው ሊያርቅ ይችላል፣ ዓይንንም ያስቀይማል።

ከሁሉ ያስደሰተኝ የጥቅሉ አሠራር ነበር። ሁለቱ የመዳብ ቧንቧዎች፣ የመብራት ገመዱና የውሃ መውረጃው ቱቦ አብረው ተጠቅልለው በዚያች ቀዳዳ ያልፋሉ። ቱቦው ከሁሉም በታች መሆን አለበት። ከመዳቡ በላይ ከሆነ ጉብታ ይፈጠርበታል፤ ውሃው ከጉብታው በስተኋላ ይተኛል፤ የተኛ ውሃ ዝቃጭ ያበቅላል፤ ዝቃጩም ቱቦውን ይደፍነዋል። ባለሙያው ጥቅሉን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ቱቦውን ከታች አስተኛ፣ እጁን እየጎተተ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው። ሆድ የሠራ ቦታ ሲያገኝ ፈትቶ እንደገና አሰረ። ቱቦው ክፍሉ ውስጥ የሚያልፍበትን ክፍል ስፖንጅ አለበሰው፤ በውስጡ የሚወርደው ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ የተራቆተ ቱቦ እሱም በተራው ከውጭ ያልበዋል፣ ሰውም «አፈሰሰ» ይላል። ቱቦ ከቱቦ ሲያገናኝ የላይኛውን ጫፍ በታችኛው ውስጥ ከተተ። በግልባጩ አድርጎ በፕላስተር ማነቅ ለዛሬ ይሠራል፤ በዓመቱ ፕላስተሩ ይላቀቃል።

ነጩን ፕላስተር ከውጭ ሲጠቀልል ደግሞ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ። የበርታ ቤት ጣሪያ ሲከደን ሣሩ ከግርጌው ተጀምሮ እየተደራረበ ወደ ጫፉ እንደሚወጣ ሁሉ፣ የላይኛው ዙር የታችኛውን ጫፍ ስለሚሸፍን ዝናብ የሚገባበት ስንጥቅ አያገኝም። ከላይ ወደ ታች የተጠቀለለ ጥቅል እያንዳንዱ ዙሩ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ይጠብቃል። ከመንገድ ላይ ሆነው ሁለቱን መለየት ይቻላል፤ እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ በየሄድኩበት ሰው ግድግዳ ላይ ማፍጠጥ ልማድ ሆኖብኛል።

ባለቤቱ አዛውንት ናቸው፤ ውሃው በከንቱ እንዳይፈስ ጀሪካን አምጥተው የቱቦውን ጫፍ በአፉ ውስጥ ሊሰኩት ፈለጉ። «ጀሪካኑ ይቀመጥ ሀጂ» አላቸው ባለሙያው፤ «ጫፉ ግን ውሃው ውስጥ እንዳይገባ። አየር ከታፈነበት ውሃው ወደ እርስዎ ቤት ነው የሚመለሰው።» እሳቸውም «እንግዲህ አንተ እንዳልክ ልጄ» ብለው ተውት። ጫፉን ከግድግዳው አራቀ፤ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ጠብታ የጭቃ ግድግዳን ግርጌ ይሸረሽራል፣ የብሎኬቱንም መሠረት አያከብርም። ውሃው ለመጠጥ አይሆንም፤ ብረትና አቧራ ነክቶ የመጣ ነው። ለፓፓያ ግን ይበቃል።

ሲጨርስ ማሽኑን አላበራም። በጆግ ውሃ ይዞ መሰላሉ ላይ ወጣ፣ ገንዳው ውስጥ ቀስ ብሎ አፈሰሰ፣ ወርዶም ከውጭ ቆሞ ጠበቀ። ውሃው ሳይንተከተክ፣ ሳይቆራረጥ እንደ ክር ወጣ። ብዙዎች ይህን ፈተና ይዘሉታል፤ በመጋቢት የተገጠመ ማሽን ጠብታ ስለማያወጣ በራሱ አይፈተንምና።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ከብሎኬትና ከቆርቆሮ ጋር የመጣ ነው። በዚህ ክልል በብዛት የሚበቅለው ቆላ ሽመል ተፈልጦ የተሠራበት፣ ሣር የተከደነ ቤት በግድግዳው በኩል ይተነፍሳል፤ ኤሲ ቢያስገቡበት ያቀዘቀዘውን ሁሉ ለመንደሩ ያከፋፍለዋል። ለእሱ ቤት የሚስማማው ማቀዝቀዣ ሸክላ ነው።

ከድንበሩ ማዶ፣ ስሟን ከዚህችው ጋር በምትጋራው የሱዳን ኩርሙክ ወገን፣ ዚር የሚሉት ትልቅ የውሃ ጋን አለ። በሱዳን መንገድ ዳር ለአላፊ አግዳሚው ተደርድሮ ይታያል። ዚር የኤሲ ተቃራኒ ነው፦ ኤሲው አየሩን እያቀዘቀዘ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ዚሩ ውሃ እያሳለፈ በዚያው ይቀዘቅዛል። ሸክላው ከመጠን በላይ ከጠበቀ አያልበውም፣ ውሃውም ለብ ብሎ ይቀራል፤ ከሳሳ ደግሞ እስኪነጋ ባዶ ይሆናል። የሠሪዋ ጥበብ በሁለቱ መካከል ያለችውን ቀጭን ልክ ማግኘት ነው። በዚያ በ38 ዲግሪው ደረቅ ቀን ትነቱ ውሃውን ወደ 21 ዲግሪ ሊያወርደው ይችላል። በክረምቱ ምሽት ግን ከ25 በታች አይሄድም፤ እርጥብ አየር ተጨማሪ ውሃ አይቀበልማ። ስለዚህ ኤሲው በሚያንጠባጥብበት ወር ዚሩ ሰነፍ ነው፣ ዚሩ በሚበረታበት ወር ኤሲው ደረቅ ነው። ከዚሩ ቂጥ የሚንጠባጠበውን የጠራ ውሃ በጎድጓዳ ዕቃ የሚያጠራቅሙም አሉ፤ በሸክላው ተጣርቶ የወጣ ነውና።

ወደ ኤሲው ስንመለስ፣ በደንብ የተገጠመውም ቢሆን የሚያፈስበት ቀን ይመጣል፤ ጥፋቱም የሚዘራው በበጋ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ሣሩ ሲቃጠል አመዱ ከአቧራው ጋር ፊልተሩን አልፎ ገንዳው ውስጥ ይተኛል። በግንቦት የመጀመሪያው ጠብታ ሲመጣ አመዱ ጭቃ ይሆንና መውጫውን ይዘጋል። በውጪው ጫፍ ላይ የጭቃ ተርብ ጎጆ ሠርታ ብትጠብቅም አይገርምም።

የጠጋኝ ደረጃ በዚህ ጊዜ የሚታወቀው በመጀመሪያ በሚነካው ነገር ነው። ገና ከበር ሆኖ «ጋዝ አልቆበታል» የሚለውን በትህትና መሸኘት ይሻላል። ደህናው መጀመሪያ ፊልተሩን ያወጣል። አየር ካላለፈ የውስጡ ቧንቧ በረዶ ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ በረዶው በአንዴ ይቀልጥና ከገንዳው ተርፎ ይፈሳል። በረዶ ካየ በካቻቪቴ አይፍቀውም፤ የአሉሚኒየሙ ክንፎች እንደ ወረቀት ስስ ናቸው። ማራገቢያውን ብቻ አብርቶ ይጠብቃል። የተደፈነውን ቱቦ ከውጭ ወደ ውስጥ አይነፋም፣ ዝቃጩን መልሶ ገንዳው ላይ ይጥለዋልና፤ ከገንዳው በኩል ውሃ እየሰደደ ወደ ውጭ ያጥበዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ፊልተሩ ታጥቦ በረዶው ከተመለሰ ብቻ የጋዙን ነገር ያነሳል። ጋዝ ሲሠራ የሚያልቅ ነዳጅ አይደለም፤ ከጎደለ ወጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩን ከማምጣቱ በፊት የሳሙና አረፋ በብሩሽ ይዞ የመዳቡን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ይቀባል፤ አረፋው የሚያብጥበትን ሳያገኝ አይሞላም፣ ሂሳብም አይጠይቅም።