የገነተ ልዑል ደረጃና የነገሌ ስም

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ ወዲህ፥ ቀድሞ የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ የነበረው ግቢ የተማሪ መመላለሻ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው የአትክልቱን ውበት ሳይሆን በግቢው ታሪክ የሚነገርበትን አኳኋን ነው።

በቤተ መዘክሩ ፊት ኢጣልያኖች ያቆሙት፥ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት ምልክት ነው። ኢትዮጵያውያን ነጻነታቸውን ሲመልሱ ደረጃውን አላፈረሱትም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አቆሙበት። በእኛ አስተያየት ይህ እጅግ የተሳካ ሥራ ነው፤ የወራሪው ትዕቢትና የባለአገሩ መልስ በአንድነት ይነበቡበታልና።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። የተከተለውን የሕዝብ እልቂት በስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመው ሐውልት ያስታውሰናል። ዳሩ ግን ግራዚያኒ በምን መንገድ ወደዚህ ደረሰ? በጥር ወር 1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶርያ ግንባር የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር በአውሮፕላንና በመኪና ኃይል አጥቅቶ ነገሌን ያዘ፤ መንግሥቱም «የነገሌ ማርኬዝ» የሚል ማዕርግ ሰጠው። ራስ ደስታም የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም.፥ ቦምቡ በተወረወረ በአምስተኛው ቀን፥ ተረሸኑ።

ምናልባት አንባቢ «የከተማ ሐውልት የከተማውን መከራ ቢናገር ምን ነውር አለው?» ይለን ይሆናል። ነውር የለውም። ነገር ግን በዚህ ግቢ የቆሰለው ሰው የአገራችንን የነገሌን ስም እንደ ምርኮ ተሸክሞ የሚኖር ነበር፤ ስለዚህ የገናሌ ጦርነትና የስድስት ኪሎ እልቂት የአንድ ታሪክ ሁለት ምዕራፎች ናቸው። ሁለተኛውን ብቻ ያነበበ ተማሪ፥ ጠላት በመዲናይቱ ብቻ የተነሣ ይመስለዋል፤ በቆላው የወደቁትም ይረሳሉ።

አዲስ ሐውልት ይቁም አንልም። ደረጃውን የሚያስጎበኝ ሰው፥ ስለ አንበሳው ከተናገረ በኋላ ስለ ነገሌም ሁለት ቃል ቢጨምር ይበቃናል። አባቶቻችን ደረጃውን ከወራሪው ወስደው የራሳቸው እንዳደረጉት፥ እኛም የነገሌን ስም ከወራሪው ማዕርግ ወስደን ለተዋጉላት ልንመልሰው ይገባናል።