ሁለት እናቶች በአንድ ማዕድ

«ዘ ፎስተርስ» የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2018 በአምስት ምዕራፎች ቀርቧል። ታሪኩ በሳንዲያጎ ከተማ አብረው የሚኖሩትን የፖሊስ ባልደረባዋን ስቴፍንና የትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህርቷን ሊናን ይከተላል። ብራንደን ስቴፍ ከቀድሞ ባሏ የወለደችው ነው፤ መንትዮቹ ሄሱስና ማሪያና በጉዲፈቻ የመጡ ናቸው፤ ካሊና ታናሽ ወንድሟ ጁድ ደግሞ ለጊዜው ተብለው ገብተው በዚያው ይቀራሉ።

ሁለት ሴቶችን በወላጅነት ማሳየት ብቻውን ድራማን ድራማ አያደርገውም። የሊሳ ቾሎደንኮን የ2010 ፊልም «ዘ ኪድስ አር ኦል ራይት»ን እናስታውስ። እዚያም ሁለት እናቶች አሉ፤ ነገር ግን ልጆቹ የተወለዱበትን ዘር የለገሰው ሰው ብቅ እንዳለ የታሪኩ ሚዛን ወደ እርሱ ያዘነብላል። ከእናቶቹ አንደኛዋ ከእርሱ ጋር የምትገባበት ግንኙነት የሴራው ምሰሶ ይሆናል። ሰውየው በመጨረሻ ከደጅ ቢቀርም፣ ቤቱ የተፈተነው በወንድ በኩል ነው።

«ዘ ፎስተርስ» የተሻለ መንገድ መርጧል። ሊና ከጥቁር እናትና ከነጭ አባት የተወለደች ናት፤ ስለ ቆዳ ቀለም ከገዛ እናቷ ጋር ትከራከራለች። ስቴፍ ትዳሯን መቀበል ካዳገተው አባቷ ጋር ትቃረናለች። ብዝኀነቱ የስም ዝርዝር ሳይሆን የጠብና የፍቅር ምክንያት በሆነበት ቦታ ሁሉ ሥራው ሕይወት አለው። ድክመቱ መከራን ያለ ልክ መደራረቡ ነው። አንዱ አደጋ ሳይበርድ ሌላው ይነሣል፤ እናቶቹም አንዳንዴ ከገጸ ባሕርይነት ወጥተው ምክር ሰጪ ይሆናሉ። ወጥ ቤት ውስጥ ደክሟቸው የሚነታረኩባቸው ትዕይንቶች ከስብከታቸው ይልቅ ያሳምናሉ።

ይህን ሥራ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። «ባለቤቴ» የሚለው ቃላችን ጾታ አይለይም፤ ግሡ ግን «መጣች» ብሎ ምሥጢሩን ያወጣዋል። በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ያስቀጣልና፣ ተርጓሚው «ጓደኛዬ» ብሎ ለማለፍ ይፈተናል። ሊና ለብራንደን ምኑ ናት ሲባልም «የእንጀራ እናት» የሚለው በቅርብ ይገኛል፤ ቃሉ ግን በተረቶቻችን ያከማቸውን ጭካኔ ሁሉ ይዞ ይገባል። ልጁ የሚጠራት እናት ብሎ ነው።

መተርጐም መደገፍ አይደለም፤ መደበቅ ግን ሌላ ድርሰት መጻፍ ነው። ሊና ያረገዘችው ሕፃን በማኅፀኗ እያለ ሕይወቷን አደጋ ላይ ይጥላል፤ ሕፃኑንም ታጣለች። የስቴፍ ሐዘን የወላጅ ሐዘን ነው። በትርጉሙ «ጓደኛ» ካልናት፣ ልጇን ያጣችው እናት ለቅሶ ልትደርስ የመጣች ጎረቤት ትሆናለች። ተመልካቹ በእነዚህ ሴቶች ሕይወት ቢስማማም ባይስማማም፣ በዚያ ቤት የሞተው የማን ልጅ እንደሆነ የማወቅ መብት አለው።