በተራራና በውሃ ግጥም ውስጥ ባለቅኔው ወዴት አለ?

የቻይና ሊቃውንት ስለ ተፈጥሮ መልክ የሚናገረውን ግጥም «ሻንሹዊ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ተራራና ውሃ ማለት ነው። ይህን ዓይነት ግጥም በትርጉም የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ ደራሲውን ዓለምን ንቆ ዋሻ የገባ ባሕታዊ አድርጎ ያስበዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከነዚህ ባለቅኔዎች ብዙዎቹ የመንግሥት ሹማምንት ነበሩ፤ ስለ ሹመትና ስለ ሽረት ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁ ነበር።

የዚህ ግጥም አባት የሚባለው ሲዬ ሊንግዩን (385–433 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከታላቅ ቤተ ሰብ የተወለደ መኰንን ሲሆን በመጨረሻ በሞት ተቀጥቷል። እርሱ ተራራ ሲወጣ ከግርጌ እስከ ጫፍ ያየውን ሁሉ ይተርክና በፍጻሜው ስለ ሕይወት ያሰበውን ይጨምርበታል። ዓይኑ እጅግ የሰላ ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻው ምክር ብዙ ጊዜ ተራራውን ይጋርደዋል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ከእርሱ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የተነሣው ዋንግ ዌይ ግን ምክሩን ቈርጦ ጣለ። ዋንግ ዌይ በታንግ ነገሥታት ዘመን ሹም፥ ሠዓሊና ሙዚቃ ዐዋቂ ነበረ። በ755 አን ሉሻን የተባለው የጦር አለቃ ባመፀ ጊዜ ተማርኮ በዐማፅያኑ ሥር ሹመት እንዲይዝ ተገደደ፤ ስለዚህም ከተማዎቹ ከተመለሱ በኋላ ታሰረ። ያዳነው ወንድሙ የገዛ ማዕርጉን ስለ እርሱ አሳልፎ ለመስጠት መለመኑና በምርኮ ሳለ ለንጉሡ አዝኖ የጻፈው ግጥም ነው። ከዚያም እንደገና ተሹሞ በ761 ሞተ።

ይህ ሰው በዋንግቹዋን ሸለቆ በነበረው ርስቱ ስለሚገኙ 20 ስፍራዎች 20 አጫጭር ግጥሞች ጽፏል። ከነዚህ «የአጋዘን አጥር» የተባለው በአራት ስንኝ፥ በ20 የጽሕፈት ምልክት ብቻ ያለቀ ነው። ነገሩም ትንሽ ነው፤ ባዶ ተራራ፥ ባለቤቱ የማይታይ የሰው ድምፅ፥ ወደ ጫካ የሚገባ የማታ ብርሃን፥ እርሱም የሚያርፍበት አረንጓዴ ሽበት። ማን እንዳየ፥ ማን እንደ ሰማ አይነገርም፤ የቻይንኛ ግሥ ባለቤትን በግድ አይጠይቅምና።

የእኛ ተርጓሚ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የአማርኛ ግሥ መደብ ሳይዝ አይቆምም። «አላይም፥ እሰማለሁ» ያለ እንደ ሆነ በባዶው ተራራ ላይ አንድ ሰው አቆመበት፤ ተራራውም ከዚያ ወዲያ ባዶ አይደለም። እንግሊዝኛም ባለቤት ስለሚሻ በእርሱ በኩል የሚመልስ ሰው ሳያውቀው «እኔ»ን ይዞ ይመጣል። ነገር ግን አማርኛ ተደራጊ ግሥ አለው። «አይታይም፥ ይሰማል» ቢባል ተመልካቹ ይሰወራል፤ ድምፁ ብቻ ይቀራል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የጊዜው ነገር ግን በዚህ አይፈታም፤ ቻይንኛው ግሥ ትናንትን ከዛሬ አይለይም። ብርሃኑ «ይገባል» ብንል የዕለት ተዕለት ልማድ ይሆናል፤ «ገባ» ብንል ያለፈ ወሬ ይሆናል። ከሁለቱ «ገባ» ይሻላል፤ ቢያንስ አንዲት ማታን ያስቀርልናል።

ወዳጁ ፔይ ዲም ስለ እነዚያው 20 ስፍራዎች 20 የመልስ ግጥም ጽፏል። ስለ አጋዘኑ አጥር በጻፈው ውስጥ ራሱን እንደ ብቸኛ መንገደኛ ያገባል፤ በጫካው ያለውን እንደማያውቅ ይናገራል፤ የአጋዘኖችንም ዱካ ያሳየናል። ግጥሙ መልካም ነው፤ አንባቢም ስፍራውን ከእርሱ ይበልጥ ይረዳል። በዋንግ ዌይ ግጥም ውስጥ ግን ስሙ አጋዘን ይበል እንጂ አንድም አጋዘን የለም።