የጁክቦክስ ዘመን ትዝታ ከኦቶና ሲታይ

ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ያለፈ የከተማ ሰዎች ስለ ወጣትነታቸው ሲያወሩ፣ ወሬው ብዙ ጊዜ ከአንድ ዳንስ ቤት ደጃፍ ይደርሳል። በዚያ ቤት ውስጥ ጁክቦክስ ቆሟል፤ ሳንቲም ይገባበታል፤ ሸክላው ይዞራል፤ ጄምስ ብራውን ወይም ኤልቪስ ፕሪስሊ ይጮኻል፤ ሱሪያቸው ከታች የሰፋ ጎረምሶችና ቀሚሳቸው ከጉልበት በላይ የሆነ ኮረዶች ይጨፍራሉ። ቀጥሎ 1966 ዓ. ም. ይመጣል፤ መብራቱም ይጠፋል። ይህ ወሬ በጋዜጣም በሬዲዮም ተደጋግሞ ስለ ተነገረ፣ ዛሬ የአንድ ሰው ትዝታ መሆኑ ቀርቶ መጀመሪያና መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ አንድ የትረካ ዐይነት ሆኗል። የትረካ ዐይነት ከሆነ ደግሞ እንደ ማናቸውም ትረካ ሊተች ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብም ይኸው ነው። (ዓ. ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጸሐፊው በዚያ ዘመን አልተወለደም። ያደገው ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በኦቶና አካባቢ ነው፤ የተማረውም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ስለ ዳንስ ቤት የሚያውቀው ሁሉ ሌሎች ያወሩለትን ነው። ይህ ግን ለተቺ ጉዳት ብቻ አይመስለኝም፤ ትዝታው የራሱ ያልሆነ ሰው፣ ትዝታው እንዴት እንደ ተሠራ ማየት ጥቂት ይቀልለዋል።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው እንናገር። ጁክቦክስ ልዩ የሆነው ሙዚቃ በማሰማቱ አይደለም፤ ማሰማትማ ሬዲዮም ግራማፎንም ያውቁበት ነበር። በ1948 ሲበርግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መቶ ዘፈን የሚያስመርጥ ጁክቦክስ ለገበያ አቀረበ። በሚከተለው ዓመት አር. ሲ. ኤ. በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን ሸክላ አወጣ። ሁለቱ በተጋጠሙ ጊዜ፣ አንድ ጎረምሳ ቡና ቤት ውስጥ ቆሞ ከመቶ ዘፈን አንዱን ለመምረጥ ቻለ። የመረጠውንም ብቻውን አይሰማውም፤ ቤቱ ሁሉ ወዶም ሆነ ሳይወድ ይሰማለታል። ለሦስት ደቂቃ ያህል ቤቱን የሚያስተዳድረው እርሱ ነው ማለት ነው።

ሶዶ ያነጋገርኋቸው አንድ አዛውንት፣ በወጣትነታቸው ለትምህርት አዲስ አበባ ሄደው ሳለ ጁክቦክስ ያለበትን ቡና ቤት ያዘወትሩ ነበር። ይወዱት የነበረውን ዘፈን እንዲነግሩኝ ብጠይቃቸው የዘፋኙ ስም ጠፋባቸው፤ ዜማውን ጥቂት አንጎራጎሩት እንጂ ቃሉንም አላስታወሱትም። ይጫኑት የነበረውን ፊደልና ቁጥር ግን ሳያመነቱ ነገሩኝ። ስለዚያ ዘመን ከሰማሁት ሁሉ ይህ ትንሽ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። የናፈቃቸው ድምፁ ነው ወይስ መምረጡ? መምረጡ ነው እላለሁ፤ ትዝታውን የሚጽፉልን ሰዎች ግን ስለ ድምፁ ብቻ ይጽፋሉ።

ይህን ለመረዳት ሙዚቃ ከዚያ በፊት በማን እጅ እንደ ነበረ ማየት ያስፈልጋል። ዘመናዊ የምንለው ሙዚቃ ከመንግሥት ቤት የወጣ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንድያን መሪነት የመንግሥት ባንድ ሆኑ፤ ኋላም የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን ብዙ ዘመናዊ ሙዚቀኞችን አሠለጠነ። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስና ምድር ጦር የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ዘፋኙ ማዕርግ ያለው፣ ደመወዝ የሚቀበል፣ አለቃ የሚያዘው ሰው ነበረ። የታኅሣሥ 1953 ዓ. ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በክብር ዘበኛ አዛዥ ስለ ተመራ፣ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ይዘፍን የነበረው ጥላሁን ገሠሠ እንኳ ለጊዜው ታስሯል። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብትም ከ1948 ጀምሮ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እንግዲህ የሚዘፈነውንም፣ ዘፋኙንም፣ የሚታተመውንም የሚመርጠው ከላይ ያለው ነበር፤ የአድማጩ ድርሻ ማጨብጨብ ነበር።

በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ወደ ጎን ትቶ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸክላው የዓለማየሁ እሸቴ ነበረ። አሳታሚ ከመሆኑ በፊት የውጭ አገር ሸክላ ይሸጥ ስለ ነበረ፣ ወጣቱ ምን እንደሚገዛ ያውቅ ነበር፤ ማንም ባለሥልጣን ይህን አላስተማረውም። በ1975 ወደ አሜሪካ እስኪሰደድ ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና ዐሥራ ሁለት ያህል ትልልቆችን አሳትሟል። ሌሎችም፣ ለምሳሌ የካይፋው አሊ ታንጎ፣ በተከፈተው በር ገብተዋል። አምሃ በሕግ ላይ ያደረገውን፣ ያ ጎረምሳ በቡና ቤት ውስጥ በሳንቲም አደረገው። ሁለቱም ፈቃድ ሳይጠይቁ መረጡ።

ይህ ከተረሳ ትችቱ ወደ ተራ ማመሳሰል ይወርዳል። ዓለማየሁ እሸቴ በ2021 ባረፈ ጊዜ የውጭ ጋዜጦች «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» እያሉ ጻፉለት፤ የእኛም ጋዜጦች ከእነርሱ ተቀበሉ። ስሙ ለሩቅ አንባቢ ያመች ይሆናል፤ ለእኛ ግን ምንም አያስረዳንም። ጠጉርና ልብስ ሊቀዳ ይችላል፤ እርሱም አልደበቀውም። ነገር ግን ዓለማየሁ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣ ሰው ነው፤ ከኋላው የሚሰማው የናስ መሣሪያ ከሰልፍ ሜዳ የመጣ ነው፤ ድምፁም የሚሄደው በአገሩ ቅኝት ነው። ኤልቪስ አንቺሆዬን አልዘፈነም። ሶልና ሮክ በአሥመራው የቃኘው ጣቢያ የአሜሪካ ጦር ሬዲዮ፣ ከ1962 ጀምሮም በመጡት የሰላም ጓድ መምህራን ሻንጣ ገብተዋል፤ ይህ እውነት ነው። የገቡት ግን ባዶ ቤት አልነበረም።

የኢትዮፒክስ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እነዚያን ሸክላዎች ሰብስቦ በተከታታይ ማሳተሙ ትልቅ ውለታ ነው፤ እርሱ ባይደርስላቸው ኖሮ ብዙዎቹ በየጓዳው ተሰብረው በቀሩ ነበር። በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በጂም ጃርሙሽ ፊልም ከተሰማ ወዲህ ደግሞ ዓለም ሁሉ አወቀው። ይሁን እንጂ እኔና የዕድሜ እኩዮቼ የአባቶቻችንን ሙዚቃ የምናውቀው በዚያው ዝርዝር መሠረት ነው። ዝርዝሩ ደግሞ የአንድ ሰው ምርጫ ነው፤ ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ምርጫ፣ ግን የአንድ ሰው። የሶዶ አዛውንቶች ሲያወሩ የሱዳን ዘፈን ይነሣል፤ የሕንድ ፊልም ዜማ ይነሣል፤ የብዙነሽ በቀለ ስም ከጄምስ ብራውን ይቀድማል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ማታ፣ በአንድ ቤት ይሰሙ እንደ ነበረ ይናገራሉ። በኋላ የተጻፈው ትዝታ ግን ሶልና ሮክን ለይቶ አወጣና ሌላውን ተወው። በእኛ ፋንታ ሳንቲሙን የከተተ ሌላ ሰው ነው።

በዩኒቨርሲቲ መጽሔት ላይ እየጻፍሁ ስለ ተማሪዎች ዝም ብል አግባብ አይሆንም። በመጋቢት 1960 ዓ. ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በራስ መኰንን አዳራሽ የተሰናዳውን የፋሽን ትርዒት ተቃውመው ተሰለፉ፤ ሊያዩ የመጡትን አዋከቡ፤ ነገሩም ሄዶ ሄዶ ዩኒቨርሲቲውን አዘጋ። ክርክራቸው አጭር ቀሚስና የውጭ ፋሽን የባዕድ ባህል ወረራ ነው የሚል ነበረ። አሁን ነገሩን ከዳንስ ቤቱ ትዝታ ጋር እናስተያየው። ዓመቱ አንድ ነው፤ ከተማው አንድ ነው፤ ዕድሜው አንድ ነው። ብዙ ጊዜ ሰውዬውም አንድ ነው፤ ቅዳሜ ማታ የጨፈረው ሰኞ «መሬት ለአራሹ» ብሎ የተሰለፈው ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ትዝታዎች አሉን፤ አንዱ ሸክላ ያስታውሳል፣ አንዱ ደም ያስታውሳል፤ ሁለቱም በየራሳቸው መጽሐፍ ይጻፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ስም አይጠራም። ስለ ዳንስ የሚጽፈው ሰው ደርግ ከሰማይ እንደ ወረደ አድርጎ ይጽፋል። ስለ አብዮቱ የሚጽፈው ደግሞ ያ ትውልድ ዳንስ እንዳልነበረው አድርጎ ይጽፋል። እኔ እንደሚመስለኝ ሰልፉም ጭፈራውም ከአንድ ነገር የመነጩ ናቸው፤ ከላይ የተመረጠላቸውን አንቀበልም ማለት ነው። ሰልፈኛው ጨፋሪውን ወንድሙ መሆኑን ያላወቀው ለምን እንደ ሆነ፣ ከዚያ ዘመን መምህራን የሚያስረዳን ቢገኝ ደስ ይለናል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ አዲስ አበባ ነው። ኦቶና ግን ሌላ ጆሮ ነበረው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በ1928 ወላይታ ገቡ፤ በ1937 ጣልያኖች አስወጧቸው፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሰው ሲሠሩ የኦቶና ሆስፒታል በአገሩ ሁሉ ታወቀ። በዚህ አካባቢ በወንጌላውያን ዘንድ ያደገ ልጅ ሁለት ቃላትን ለይቶ ይማራል፦ መዝሙርና ዘፈን። መዝሙር ይፈቀዳል፤ ዘፈን አይፈቀድም። ስለዚህ ከኦቶና ወጥቶ ጁክቦክስ የነካ ሰው ዛሬም ትዝታውን የሚያወራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። በአዲስ አበባው ትረካ ውስጥ የሌለው አንዱ ነገር ይህ የድምፅ ዝቅታ ነው። ፒያሳ ያደገው ሰው የናፈቀውን በኩራት ይናገራል፤ የእኛው ሰው የናፈቀውን ይናዘዛል።

የሚገርመው ያ ዘፈን ራሱ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ መሆኑ ነው። አሬታ ፍራንክሊን መዘመር የጀመረችው አባቷ ፓስተር በነበሩበት በዲትሮይቱ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሳም ኩክ በ1957 ወደ ዓለማዊ ዘፈን እስኪያልፍ ድረስ ሶል ስተረርስ በተባለው የመዘምራን ቡድን ይዘምር ነበር፤ ባለፈም ጊዜ ምእመናኑ ተቀይመውበታል። ሬይ ቻርልስም የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ለዓለማዊ ፍቅር አዋልህ ተብሎ ተወቅሷል። እንግዲህ መዝሙርና ዘፈን የሚለው ክርክር በኦቶና ብቻ የነበረ አይደለም፤ ሸክላው ከመምጣቱ በፊት በዲትሮይትም ነበረ። አንዱ ያወጣል፣ ብዙው ይቀበላል፤ ሶል የሚቆመው በዚህ ሥርዐት ነው። የወላይታ ምእመናን መዝሙርም በዚሁ ሥርዐት ይቆማል፤ አውጪው አንድ ስንኝ ይጥላል፣ ጉባኤው ያነሣል። ከዚያም በፊት በጊፋታ በዓል ጭፈራ ላይ ሕዝቡ አወጣጥና አቀባበል ያውቅ ነበር። ስለዚህ የኦቶና ልጅ አንድ ቀን ከተከለከለ ቤት በር የሶል ዘፈን ቢሰማ፣ ቋንቋውን ባያውቅም መቼ እንደሚቀበል ያውቅ ነበር። ሙዚቃው ለእርሱ እንግዳ የመሰለው በስሙ ነው እንጂ በአሠራሩ አልነበረም።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ማታው ተዘጋ። ትረካው እዚህ ላይ ይቆማል፤ መቆም ግን አልነበረበትም። ሸክላውን የገደለው የሰዓት እላፊው ብቻ አይደለም፤ ካሴትም ገድሎታል። ካሴት ርካሽ ነው፤ ማንም ሰው በቤቱ ሊቀዳው ይችላል። የመምረጡም ነገር በካሴት አልሞተም፤ ወደ ሌላ ቤት ሄደ እንጂ። ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት የታሰረው የተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮች፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉበት ዘመን በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ዞረዋል። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1977 ተወርሶ ስለ ነበረ መዝሙር ከላይ የሚመርጥላቸው አልነበረም፤ ራሳቸው መረጡ። ከስልሳዎቹ የዳንስ ቤት ጎረምሳ ጋር እነዚህ ምእመናን አንድ ናቸው ቢባል ሁለቱም ወገን ይቆጣል። እኔ ግን አንድ ያደረጋቸው ነገር እንዳለ አያለሁ።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ትዝታው የወንዶች ብቻ መሆኑ። በውቤ በረሃ ቡና ቤቶች ከማታ እስከ ንጋት ሙዚቃ የሰማው፣ አንድ ማታ መጥቶ የሄደው ተማሪ አልነበረም፤ በዚያ የሚሠሩት ሴቶች ነበሩ። እነርሱ የትኛው ዘፈን ስንት ጊዜ እንደ ተመረጠ፣ የትኛው ጠብ እንዳስነሣ፣ የትኛው ሲመጣ ቤቱ ዝም እንዳለ ከማናቸውም ሸክላ ሰብሳቢ ይበልጥ ያውቁ ነበር። በትረካው ውስጥ ግን ያለ ስም፣ ለጌጥ ያህል ይታያሉ። በዚህ ክረምት ወደየአገራቸው ለጥናት የሚሄዱ ጓደኞቼ በየከተማው ከቆዩ ቡና ቤቶች ባለቤቶች ቢጀምሩ ጥሩ ይመስለኛል። ጥያቄውም «ማንን ትወዱ ነበር?» ሳይሆን «ሳንቲሙ የማን ነበር? ቁልፉን የሚጫነውስ ማን ነበር?» ቢሆን። እኔ ሶዶ ላይ ሁለቱን ጥያቄዎች ጠይቄ ሁለት ልዩ ልዩ ታሪክ ሰምቻለሁ፤ ሁለተኛው ይረዝማል።