«ሁሉንም ምረጥ» የምትለው ሳጥን

የወረቀት ፎርም አሰልቺ ቢሆንም አንድ ደግ ጠባይ ነበረው። በእያንዳንዱ መስመር ፊት በእስክሪብቶ የራይት ምልክት እስኪደረግ ድረስ አስተርጓሚው አንብቦ ለመንገር ጊዜ ያገኝ ነበር። ዛሬ ፎርሙ ወደ ስልክ ገብቷል። ከዝርዝሩ በላይም «ሁሉንም ምረጥ» የምትል ሳጥን ተቀምጣለች፤ እሷን ነክቶ ማለፍ ነው። በዚህች ሳጥን አሠራር ላይ ቅሬታ አለን።

በቅርቡ እዚሁ አሽዶድ አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው አነጋገሩን። ፎርሙ ስለ እሳቸው መረጃ ከየቦታው እንዲሰበሰብ የሚፈቅድ ሲሆን 11 መስመር አለው፤ ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ የቀድሞ አሠሪ እያለ ይቀጥላል። ልጅቷ የላይኛዋን ሳጥን ስትነካ 11ዱም ተሞሉ። እናቲቱ የአእምሮ ሐኪም ዶሴ የሚለው ሲነበብላቸው «እሱንስ አልፈቅድም» አሉ። ልጅቷ ምልክቱን አነሳች። ያን ጊዜ የላይኛዋ ሳጥን ከራይት ወደ አጭር ሰረዝ ተለወጠች፤ ከፊሉ ብቻ ተመርጧል ማለቷ ነው። አያትየው «እንግዲያው ሁሉንም አጥፊውና እንደ አዲስ እናንብበው» ቢሏት፣ ልጅቷ ሰረዙን ስትነካ ሁሉም መልሶ ተሞላ። የአእምሮ ሐኪሙም ጭምር! ያ መስመር ከስልኩ መስታወት በታች ስለነበር አልታየም። ለመላክ ትንሽ ነበር የቀራቸው።

ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። አንዲት ሳጥን መምረጡንም ማንሳቱንም እንድትሠራ ሲደረግ፣ ሰረዝ ላይ ስትሆን ወዴት እንደምትሄድ የሚነካት ሰው አያውቅም። «ሁሉንም አንሳ» የሚል ቁልፍ በእኩል መጠን አጠገቧ ቢቆም፣ ከሥሩም «ከ11 10 ተመርጧል» የሚል ቁጥር ቢታይ ይህ ባልደረሰ ነበር። ለፕሮግራም ሠሪ የጥቂት መስመር ሥራ ነው።

ሳጥኗ ትጥፋ አንልም። ቅናሽና ድጎማ በሚጠየቅበት ፎርም ላይ እንዲያውም እንወዳታለን፤ አንዲት ምልክት ባለማድረጉ መብቱ የቀረበት ሰው በሥራችን አይተናል። ፈቃድ መስጠት ግን ሌላ ነው። የእስራኤል የ1981 የግል ሕይወት ጥበቃ ሕግ ስምምነት የሚለው አውቆ የተሰጠውን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በኦክቶበር 2019 ቀድሞ ምልክት ተደርጎበት የሚቀርብ ሳጥን ስምምነት አይሆንም ሲል ፈርዷል። እዚህ በእርግጥ ሳጥኗን የነካ ጣት አለ፤ ጣቱ ግን የባለጉዳይዋ አልነበረም። ስለዚህ በፈቃድ ፎርም ላይ ሳጥኗ ከዝርዝሩ ሥር ትውረድ፣ ሰው አንብቦ ሲጨርስ ያግኛት እንላለን።

እናቲቱ ፎርሙን በወረቀት አሳትመው በእስክሪብቶ ሞሉት። ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ ሦስት መስመር ባዶ ቀረ።