ስድስት ደቂቃ፣ ስድስት ቃል

ኮሶበር ከተማ ውስጥ በቤቱ አውኚ፣ በገበያው አማርኛ የሚናገር ተማሪ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። የክፍል መጽሐፉ ድምፅ የለውም። ድምፁን ብቻውን ከስልኩ ለሚፈልግ ተማሪ፣ እኔ ካየኋቸው ሁሉ በአሠራሩ የሚያስደንቀኝ የቢቢሲው «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» የተባለው የድምፅ ዝግጅት ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሁለት አቅራቢዎች ሰላምታ ይለዋወጡና ርዕሱን ያነሣሉ፤ ወዲያው አንዱ ሦስት ምርጫ ያለው ጥያቄ ይወረውራል። ሌላው ይገምታል፤ እናንተም ትገምታላችሁ። መልሱ ግን እስከ መጨረሻው አይነገርም። ልጁ ቃሉ ከብዶት ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ «ቆይ፣ ልክ ነበርኩ?» የምትለው ጉጉት ትይዘዋለች።

መሐል ላይ የአንድ ባለሙያ ቃለ ምልልስ ይገባል። ይህ ሰው ለተማሪ ብሎ አይዘገይም። «ዋት ዱ ዩ» ብላችሁ የተማራችሁት ከአፉ ሲወጣ «ዋጁ» ነው። ዝግጅቱ ግን ብቻችሁን አይተዋችሁም፤ አቅራቢዎቹ ከባዱን ቃል አንሥተው በቀላል አነጋገር ይፈቱታል፤ መዝጊያው ላይም እንዲህ የፈቷቸውን ስድስት ቃላት አንድ በአንድ ይደግሟቸዋል። ሸምድዱ ሳትባሉ አንዱን ቃል ደጋግማችሁ ሰምታችኋል።

የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረው «ስፔሻል ኢንግሊሽ» ሌላ መንገድ ነበረው፦ 1,500 ያህል ቃላት፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ ቀስ ያለ ንባብ። ለጀማሪ መልካም ነው፤ እዚያው የከረመ ጆሮ ግን ሰነፍ ይሆናል ባይ ነኝ።

ከሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ ድምፅ ጋር የሚወርደው ፒዲኤፍ አናቱ ላይ ጽሑፉ ቃል በቃል የተገለበጠ እንዳልሆነ ያስጠነቅቃል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር አለ። እኔ ግን ወድጄዋለሁ፤ የሰማውን በደብተሩ ጽፎ ከፒዲኤፉ ጋር የሚያስተያይ ተማሪ ልዩነቱን በራሱ ጆሮ መዳኘት አለበት።

ፋይሉ ትንሽ መሆኑም ቀላል ነገር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ በቀጥታ ካልታየ የማይሠራ ትምህርት ሁሉ አብሮ ተዘግቷል። ቀድሞ የወረደ ድምፅ ግን ያለ ዳታ ይሰማል፤ በብሉቱዝም ለጓደኛ ይደርሳል።

አንድ የሚጎድለው አለ፦ የእናንተን አነጋገር አያርምም። ለዚያ የስልካችሁ መቅጃና ፊት የማያይ ጓደኛ ያስፈልጋል። ዋይፋይ ያለበት ስትደርሱ ድምፁንም ጽሑፉንም አውርዱ፤ ሁለቴ እስክትሰሙ ድረስ ግን ጽሑፉን አትክፈቱ።